ዕዳው የመንግሥት፣ ወረፋው የነዋሪው

በክፍል ውስጥ «መንግሥት ገንዘብ ካጠረው ለምን አያትምም?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳብናል። የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ግን ዶላር የማተም ሥልጣን የላቸውም። የዲትሮይት ከተማ በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳደረገችው «ከስሬያለሁ» ብለው ፍርድ ቤት መሄድንም ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ሰው ያስጠብቃሉ።

ኢሊኖይን እንይ (ከካምፓችን ቺካጎ የገቡ ስላሉ ስሙ አዲስ አይሆንባችሁም)። ከ2015 አጋማሽ እስከ 2017 አጋማሽ አገረ ገዢው ብሩስ ራውነርና ምክር ቤቱ መስማማት አቅቷቸው ሙሉ በጀት ሳይጸድቅ ሁለት ዓመት አለፈ። ያልተከፈለው ሂሳብ 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። የመንግሥት ሠራተኛ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ደመወዙን ሲያገኝ፣ አረጋውያንንና ችግረኞችን በውል የሚያገለግሉ ድርጅቶች ግን ወራት ጠበቁ፤ ሠራተኛ ቀነሱ፣ አንዳንዶቹም አገልግሎት ዘጉ። የችግረኛ ተማሪዎች ድጎማም ዘገየ። ቺካጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2016 ከሠራተኞቹ ሲሶ ያህሉን አሰናበተ። የዘገየ እርዳታ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ለማንም አይነገርም።

የዘገየ ሂሳብ ደግሞ ይወልዳል፤ ብዙው በወር 1 በመቶ። ስለዚህ መንግሥት በ2017 የ6 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጦ ከፊሉን ከፈለ። ዕዳን በዕዳ! ሞኝነት ይመስላል፤ ግን የቦንዱ ወለድ በዓመት 3.5 በመቶ ገደማ ስለነበር ያዋጣል።

ያም ሆኖ የሚከፍለው ነዋሪው ነው። በዚያው ዓመት የገቢ ግብሩ ከ3.75 ወደ 4.95 በመቶ አደገ። በወር 2,000 ዶላር ግብር የሚታሰብበት ገቢ ላለው ሰው ስንት እንደተጨመረበት ለሒሳብ ክፍል ትተነዋል።