ረጅም ጉዞ በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል፦ ከመነሳትዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በመንገዶቻችን ላይ የሚታዩት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ቁጥር በየጊዜው እየጨመረ መጥቷል። በከተማ ውስጥ አጠቃቀማቸው ቀላል ነው፤ አሽከርካሪው ቀን የተጠቀመበትን ኃይል ማታ በቤቱ ይሞላል። አገር አቋርጦ ለመሄድ ሲታሰብ ግን ጉዳዩ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ነዳጅ ያለቀበት ሰው በጀሪካን አስመጥቶ ጉዞውን ሊቀጥል ይችላል፤ ባትሪው ያለቀበት ግን በያለበት ለመቆም ይገደዳል። ቤተሰብ ይዞ፣ በምሽት፣ ከከተማ ርቆ መቆም ደግሞ ከእንግልት አልፎ ለአደጋ ያጋልጣል።

ይህ ማብራሪያ የቤት አውቶሞቢልም ሆነ ከፍተኛ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ስፖርት አውቶሞቢል ይዘው ረጅም ጉዞ ለሚያስቡ አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ ነው። ዋና መልእክቱም አምራቹ በወረቀት ላይ ያሰፈረው ርቀትና አውቶሞቢሉ በእርስዎ መንገድ ላይ የሚጓዘው ርቀት አንድ አለመሆናቸው ነው። ስለሆነም ጉዞው በፍጥነት፣ በከፍታና በጭነት ተሰልቶ፣ በቂ መጠባበቂያ ኃይል ተይዞ መታቀድ ይኖርበታል።

1. በወረቀት ላይ የተጻፈው ርቀት ምን ያመለክታል?

አምራቾች የሚገልጹት ርቀት በቤተ ሙከራ የሚገኝ ውጤት ሲሆን መለኪያውም ከአገር አገር ይለያያል። የቻይናው መለኪያ ሲኤልቲሲ፣ የአውሮፓው ደግሞ ደብልዩኤልቲፒ በመባል ይታወቃሉ። በአሜሪካ መለኪያውን የሚያወጣው የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው። የቻይናው መለኪያ በዝግታ የሚደረገውን የከተማ ጉዞ በስፋት ስለሚያካትት ከሌሎቹ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል።

ልዩነቱን ለመረዳት የ2020 ሞዴሉን ፖርሽ ታይካን ቱርቦ የተባለ የኤሌክትሪክ ስፖርት አውቶሞቢል መመልከት ይቻላል። ይህ አውቶሞቢል በአውሮፓው መለኪያ እስከ 450 ኪ.ሜ. እንደሚጓዝ ሲገለጽ፣ በአሜሪካው መለኪያ የተመዘገበለት ርቀት 323 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። አውቶሞቢሉ ያው ነው፤ የተለወጠው መለኪያው ብቻ ነው።

በመሆኑም ለረጅም ጉዞ የሚያስፈልገው አስተማማኝ ቁጥር በአውቶሞቢሉ ዳሽቦርድ ላይ የሚታየው ትክክለኛ ፍጆታ ነው። ፍጆታው በ100 ኪ.ሜ. ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚወስድ ይገለጻል። ከጉዞው አስቀድሞ ከከተማ ወጣ ባለ መንገድ ላይ ጥቂት በማሽከርከር ይህን ቁጥር መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል።

2. ፍጆታን የሚወስኑ ምክንያቶች

*ፍጥነት፦* የአየር ግፊት የሚፈጥረው ተቃውሞ ከፍጥነቱ እጅግ በበለጠ መጠን ያድጋል። አውቶሞቢሉ በሰዓት ከ80 ወደ 120 ኪ.ሜ. ፍጥነት ሲሸጋገር የአየሩ ተቃውሞ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ለዚህም ነው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል፣ ከነዳጅ አውቶሞቢል በተለየ ሁኔታ፣ በከተማ ውስጥ ካለው ይልቅ በፈጣን መንገድ ላይ ብዙ ኃይል የሚጨርሰው።

*ከፍታ፦* በደጋው አካባቢ አየሩ ስስ በመሆኑ የአየር ተቃውሞው በመጠኑ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተርም እንደ ነዳጅ ሞተር በአየር እጥረት ጉልበቱ አይዳከምም። ይህ ጠቃሚ ጎን ነው። ነገር ግን አቀበት መውጣት ትልቅ ወጪ አለው። ከነተሳፋሪውና ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶሞቢል 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወጣ፣ ለመደበኛው ጉዞ ከሚያስፈልገው በተጨማሪ ስድስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይወስዳል።

*ቁልቁለት፦* አሽከርካሪው እግሩን ከኃይል መስጫው ፔዳል ሲያነሳ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ወደ ባትሪው ኃይል ይመልሳል። ይሁንና የሚመለሰው ከወጣው ያነሰ ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ደግሞ የሚመለሰውን ኃይል መቀበል ስለማይችል ሸክሙ በሙሉ በመደበኛው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ባትሪውን እስከ 100 በመቶ መሙላት አይመከርም።

*ጭነት፦* በጣራ ላይ የሚጫን ዕቃ ክብደትንም የአየር ተቃውሞንም ይጨምራል። በተቻለ መጠን ዕቃን በውስጥ መጫን ይመረጣል።

3. ምሳሌ አንድ፦ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ደርሶ መልስ

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ በነባሩ መንገድ 275 ኪ.ሜ. ያህል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ሀዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው፣ በሜዳ ላይ በ100 ኪ.ሜ. 17 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም አውቶሞቢል እንውሰድ። ቀለል ባለ ስሌት ውጤቱ እንደሚከተለው ይሆናል፦

- መንገዱ ሙሉ በሙሉ ሜዳ ቢሆን የሚያስፈልገው ኃይል፦ 47 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፤
- ወደ ሀዋሳ ሲወርዱ፦ 44 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፤
- ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፦ 51 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ።

በመሄጃውና በመመለሻው መካከል ያለው የሰባት ኪሎዋት ሰዓት ልዩነት በሜዳ ላይ 40 ኪ.ሜ. ያህል የሚያስኬድ ኃይል ነው። ከባትሪው 15 በመቶ፣ ማለትም ዘጠኝ ኪሎዋት ሰዓት፣ መጠባበቂያ ከተያዘ ለጉዞ የሚቀረው 51 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ መሄጃው ያለ ስጋት ሲጠናቀቅ፣ መመለሻው ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቢነሳም እንኳ ልክ ከመጠኑ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ዝናብ፣ የፊት ለፊት ንፋስ ወይም ከፍ ያለ ፍጥነት ቢጨመርበት መጠባበቂያውን መንካት የግድ ይሆናል። «ስሄድ በቂ ነበር፤ ስመለስም ይበቃኛል» የሚለው ግምት በብዙ መንገዶቻችን ላይ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

4. ምሳሌ ሁለት፦ የአባይ በረሃ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያመራ አሽከርካሪ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የአባይን ሸለቆ ያቋርጣል። መንገዱ 40 ኪ.ሜ. ያህል ሲሆን፣ ወደ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና ያንኑ ያህል ተመልሶ ይወጣል።

በቁልቁለቱ ላይ አውቶሞቢሉ ከባትሪው ምንም ያህል ኃይል አይወስድም፤ ጥቂትም ሊመልስ ይችላል። በአቀበቱ ግን ከላይ በተጠቀሰው አውቶሞቢል ስሌት 20 ኪ.ሜ. የማይሞላው ወይም ትንሽ የሚበልጠው መንገድ ከዘጠኝ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ይህም በሜዳ ላይ ከ50 ኪ.ሜ. በላይ የሚያስኬድ ነው። ቁልቁለቱ የሰጠውን አቀበቱ ከነወለዱ ይወስደዋል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ አለ። አብዛኞቹ አውቶሞቢሎች «ቀሪ ርቀት» ብለው የሚያሳዩት ቁጥር በቅርቡ በነበረው ፍጆታ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ አቀበቱ እንደተጀመረ ግን በፍጥነት ይወርዳል። በሸለቆው ውስጥ ሳሉ ከቀሪ ርቀት ይልቅ የባትሪውን መቶኛ ይከታተሉ፤ ውሳኔዎንም ጎሐ ጽዮን ወይም ደጀን ላይ፣ ወደ ሸለቆው ከመውረድዎ በፊት ይወስኑ።

5. በመንገድ ላይ ኃይል ስለ መሙላት

የመሙያ ዓይነቶችና የሚወስዱት ጊዜ እጅግ የተራራቀ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪን ከ10 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት፦

- በመደበኛ የግድግዳ ሶኬት (220 ቮልት፣ 10 አምፔር)፦ 20 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ፤
- ግድግዳ ላይ በሚተከል 7 ኪሎዋት መሙያ፦ ስድስት ሰዓት ገደማ፤
- በ60 ኪሎዋት ፈጣን መሙያ፦ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

በእንግዳ ማረፊያ ውስጥ በመደበኛ ሶኬት ለ12 ሰዓት መሙላት 24 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስገኛል። ይህም በሜዳ ላይ 140 ኪ.ሜ. ያህል ያስኬዳል። በምሳሌ አንድ የተጠቀሰው አሽከርካሪ ሀዋሳ ሲደርስ 16 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚቀረው፣ አንድ ሌሊት በዚህ መንገድ ሞልቶ ቢነሳ 40 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይይዛል፤ ለመመለሻ ከሚያስፈልገው 51 በእጅጉ ያንሳል። ሁለት ሌሊት ማደር ወይም ፈጣን መሙያ ማግኘት ይኖርበታል።

ኃይል በሚሞሉበት ጊዜ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦

- *የማያያዣው ዓይነት፦* ለቻይና ገበያ የተሠሩ አውቶሞቢሎች ጂቢ/ቲ የተባለውን፣ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ደግሞ ሲሲኤስ 2 የተባለውን ማያያዣ ይጠቀማሉ። ሁለቱ አይገጣጠሙም። ጣቢያ መኖሩን ብቻ ሳይሆን የእርስዎን ማያያዣ መያዙንም አስቀድመው በስልክ ያረጋግጡ።
- *የኤሌክትሪክ መስመሩ፦* መሬት ላይ የታሰረ መስመር የሌለው፣ የላላ ወይም የሚግል ሶኬት አይጠቀሙ። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ለብዙ ሰዓት ከፍተኛ ኃይል ሲያስተላልፍ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።
- *80 በመቶ፦* ከዚህ መጠን በላይ ፈጣን መሙያ ፍጥነቱን በእጅጉ ይቀንሳል። አማራጭ ጣቢያ ከፊት ካለ በ80 በመቶ መነሳት ጊዜ ይቆጥባል፤ ከሌለ ግን ታግሶ መሙላት ይሻላል።
- *የመብራት መቋረጥ፦* ዕቅድዎ በአንድ ጣቢያ ላይ ብቻ የተመሠረተ አይሁን። ሁልጊዜም ሁለተኛ አማራጭ ይያዙ።

6. የስፖርት አውቶሞቢል ለሚያሽከረክሩ

የኤሌክትሪክ ስፖርት አውቶሞቢሎች ጉልበታቸውን ወዲያውኑ የሚሰጡ በመሆናቸው የተለየ ኃላፊነት ይጠይቃሉ።

በመጀመሪያ፣ ወለላቸው ለመሬት የቀረበ ሲሆን ባትሪውም ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ሥር ይገኛል። በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ በተቆፈረ መንገድና በጠጠር ላይ ሥሩ ቢመታ ጉዳቱ የባትሪው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለጉዞው አስፋልቱ ያልተቋረጠ መንገድ ይምረጡ፤ ጉብታዎችንም በዝግታ ይለፉ።

ሁለተኛ፣ ከፍተኛ የመሙላት አቅማቸው የሚሠራው ጣቢያው ያንኑ ያህል መስጠት ሲችል ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ታይካን እስከ 270 ኪሎዋት ሊቀበል የሚችል ቢሆንም፣ ከ60 ኪሎዋት መሙያ ላይ ሲያያዝ ከዚያ በላይ አያገኝም። የመሙያ ጊዜዎን በጣቢያው አቅም ያስሉ።

ሦስተኛ፣ እነዚህ አውቶሞቢሎች ድምፃቸው ዝቅተኛ ነው። እግረኞች፣ ሕፃናትና ከብቶች በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት ይገኛሉ፤ የሞተር ድምፅ ሰምተው ዞር ይላሉ ተብሎ አይጠበቅም። በገበያ ቀንና በመንደሮች አካባቢ ፍጥነትን መቀነስ ሕይወትን ያድናል።

7. ከመነሳት በፊት መረጋገጥ ያለባቸው

1. መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የዓመቱ ቦሎ እና የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን፤
2. የጎማ አየርና ይዞታ። ብዙ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ትርፍ ጎማ (ስኮርታ) ስለማይኖራቸው የጎማ መጠገኛና የአየር መሙያ መያዝ ያስፈልጋል፤
3. የ12 ቮልት አነስተኛው ባትሪ። ይህ ከደከመ ዋናው ባትሪ ሙሉ ቢሆንም አውቶሞቢሉ ላይነሳ ይችላል፤
4. የራስዎ የመሙያ ገመድ፤
5. በጽሑፍ የተዘጋጀ ዕቅድ፦ በየምዕራፉ ያለው ርቀት፣ የከፍታው ለውጥ፣ የሚያስፈልገው ኃይልና አማራጭ ጣቢያ፤
6. ቢያንስ 15 በመቶ መጠባበቂያ። አቀበት በበዛበት ወይም ጣቢያ በራቀበት መንገድ 20 በመቶ፤
7. በቀን ብርሃን መድረስ የሚያስችል የመነሻ ሰዓት።

8. በመንገድ ላይ ችግር ሲያጋጥም

*ኃይል እያነሰ ከሆነ፦* ፍጥነትዎን ቀስ በቀስ ይቀንሱ፤ ማቀዝቀዣውንና ማሞቂያውን ያጥፉ። ባትሪው ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ከተማ ወይም ማደያ ባለበት አካባቢ፣ ከመንገዱ ወጣ ብለው ይቁሙ።

*አውቶሞቢሉ ከቆመ፦* በገመድ አያስጎትቱ። መንኮራኩሮቹ ሲዞሩ ሞተሩ ኃይል ስለሚያመነጭ ከፍተኛ ብልሽት ሊደርስ ይችላል። መኪናውን አራቱንም ጎማ አንስቶ ጭኖ የሚወስድ ተሽከርካሪ ይጠይቁ።

*ግጭት ከደረሰ ወይም ከሥር ጭስ ከታየ፦* ሁሉም ተሳፋሪ ወዲያውኑ ወርዶ ይራቅ። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ማንም እንዳይነካ ያድርጉ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያስተላልፉ ናቸው። የተጎዳ ባትሪ ከሰዓታት በኋላም ሊቀጣጠል ስለሚችል አውቶሞቢሉ ከሕንፃና ከሌሎች ተሽከርካሪዎች ርቆ እንዲቆም ያስፈልጋል። ለፖሊስ በ991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ፤ አውቶሞቢሉ የኤሌክትሪክ መሆኑንም አስቀድመው ይግለጹ።

ማጠቃለያ

በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል አገር አቋርጦ መጓዝ የሚቻል ነው፤ የነዳጅ ወጪን ይቀንሳል፤ በአብዛኛው ከውኃ በሚመነጭ የአገራችን ኃይልም ይጠቀማል። ጉዞው የተሳካ የሚሆነው ግን አሽከርካሪው መሄጃውንና መመለሻውን ለየብቻ ሲያሰላ፣ አቀበቱን ከመድረሱ በፊት ሲቆጥር እና መጠባበቂያውን ሳይነካ ሲደርስ ነው። ስለ ተሽከርካሪ ምዝገባ፣ ስለ ዓመታዊ ምርመራና ስለ መንጃ ፈቃድ ዝርዝር መረጃ የሚሹ ተገልጋዮች በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀርበው መጠየቅ ይችላሉ።

መልካም ጉዞ!