ለሚቆጣ ቆዳ ገር ምላጭ መምረጥ፦ ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ደጋ አንጻር

መግቢያ

በደብረ ታቦር ከተማ ጺሙን ለመላጨት ፀጉር ቤት የሚገባ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ሙልጭ አድርገህ ላጭልኝ» ይላል። ባለሙያውም የጥሩ ሥራ መለኪያ በእጅ ሲዳሰስ የማይቆረቁር ጉንጭ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ቆዳውን በጣቱ ወጥሮ ስለቱን ከታች ወደ ላይ እየመለሰ ይላጫል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀናት በኋላ ግን ያው ጉንጭና አንገት ትናንሽ እባጮች ያወጣል፤ ያሳክካል፤ እባጮቹ ሲከስሙም ጥቁር ነጠብጣብ ትተው ያልፋሉ። ደንበኛው «ምላጩ አልተስማማኝም» ብሎ ይደመድምና በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ስም ያለው ምላጭ ይፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ለዓመታት በዚሁ መንገድ ተመላልሷል፤ የምላጩ ስም በተለዋወጠ ቁጥር እባጩ ግን አልተለወጠም።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ «ገር ምላጭ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከቆዳ፣ ከብረትና ከአካባቢው አየር ጠባይ አንጻር ማብራራት ነው። መከራከሪያውም የምላጭ ገርነት በማሸጊያው ላይ በታተመው ስም ብቻ አይወሰንም የሚል ነው። ስለቱ ያልደነዘ መሆኑ፣ ከመያዣው ምን ያህል ብቅ እንዳለ፣ ፀጉሩን ከቆዳው ወለል በላይ ወይስ በታች እንደሚቆርጥ፣ እንዲሁም የአንድ ሰው ብቻ መሆኑ በአንድነት ይወስኑታል። በአነጋገራችን «ምላጭ» ስለቱንም መያዣውንም ሊያመለክት ስለሚችል፣ በዚህ ጽሑፍ «ምላጭ» ስለታሙን ስስ ብረት፣ «መላጫ» ደግሞ ምላጩ የሚገባበትን መያዣ ያመለክታል።

ቆዳ የሚቆጣው ለምንድን ነው?

ከመላጨት በኋላ የሚታየው የቆዳ መቆጣት ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ወዲያውኑ የሚሰማው ማቃጠልና መቅላት ነው። መንስኤውም ምላጩ ከፀጉሩ ጋር የላይኛውን ስስ የቆዳ ንጣፍ መፋቁ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይድናል። ሁለተኛው ዘግይቶ የሚመጣው እባጭ ሲሆን በሕክምና ቋንቋ ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይባላል። ይህ በተለይ ጥቅልል ፀጉር ያላቸውን ሰዎች ያጠቃል፤ በመሆኑም አብዛኛዎቻችንን ይመለከታል።

ጥቅልል ፀጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ ራሱ የተጠማዘዘ ነው። ፀጉሩ ሲቆረጥ ጫፉ እንደ ተቀረጸ ችካል ይሾላል። እያደገ ሲሄድ በተፈጥሮው ስለሚታጠፍ ከቀዳዳው አጠገብ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ከዚህም የከፋው ፀጉሩ ከቆዳው ወለል በታች ሲቆረጥ የሚሆነው ነው፤ ጫፉ ወደ ውጭ ሳይወጣ የቀዳዳውን ግድግዳ ከውስጥ በስቶ ይገባል። ሰውነት የገባውን ፀጉር እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ስለሚዋጋው እባጭ ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት የፀጉርን ሥር በሚያቅፈው ሽፋን ውስጥ የሚገኝ የአንድ ኬራቲን ዘረ መል ለውጥ ለዚህ ሕመም የመጋለጥ ዕድልን እንደሚጨምር አመልክቷል። ስለዚህ ሕመሙ የንጽሕና ጉድለት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ከዚህ የምንረዳው «ሙልጭ» የሚለው መለኪያ ራሱ የችግሩ ምንጭ መሆኑን ነው። ቆዳ ሲወጠር ፀጉሩ ከቀዳዳው ይሳባል፤ ከተቆረጠና ቆዳው ከተለቀቀ በኋላም ጫፉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በዕለቱ እጅግ የለሰለሰው ጉንጭ በሦስተኛው ቀን እጅግ የተቆጣው ይሆናል።

የስለቱ ጠባይ፦ የደነዘ ምላጭ ገር አይደለም

ብዙዎች ቆዳቸው ሲቆጣ «ምላጩ በጣም ስለታም ነው» ብለው ያስባሉ፤ አንዳንዶችም ጥቂት ጊዜ የሠራ ምላጭ ይመርጣሉ። ይህ ስሕተት ነው። በፋርጣ ገብስ ያጨደ ሰው እንደሚያውቀው የደነዘ ማጭድ አገዳውን ከመቁረጥ ይልቅ ከነሥሩ ይነቅላል። የደነዘ ምላጭም እንዲሁ ፀጉሩን ይጎትታል፤ የሚላጨው ሰው አንዱን ቦታ ደጋግሞ እንዲፍቅና አጥብቆ እንዲጫን ያስገድደዋል። ቆዳውን የሚጎዳው ይህ ድግግሞሽና ጫና ነው።

ባለ ሁለት ስለት ምላጭ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ክሮሚየም የተቀላቀለበት የማይዝግ ብረት ነው። ብዙዎቹ ምላጮች ጫፋቸው በክሮሚየም ወይም በፕላቲነም፣ ከላይም እንደ ቴፍሎን ባለ ግጭት በሚቀንስ ስስ ንጣፍ ይሸፈናል። በምላጮች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የሚመነጨው ከብረቱ ጥራት፣ ከአሳሳሉና ከዚህ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ያልተስተካከለ ምላጭ ስለታም ቢሆንም እንኳ በቆዳ ላይ ሲሄድ ይፍቃል።

ፀጉር ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ሆኖ ሳለ ምላጭን እንዴት ያደንዛል? እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ስለቱ በእኩል ከማለቅ ይልቅ በጥቃቅን ስፍራዎች እንደሚሸረፍ አሳይተዋል። ሽርፈቱ የሚከሰተው ፀጉሩ ሲታጠፍ ስለቱን በማዘንበል ሲጫነውና የብረቱ ውስጣዊ አወቃቀር ወጥ ባልሆነበት ስፍራ ሲገናኙ ነው። የተሸረፈ ስለት ዐይን ባያየውም ቆዳ ይሰማዋል። ስለዚህ መጎተት የጀመረ ምላጭ ከዚያ በኋላ ለሚቆጣ ቆዳ አይሆንም።

መያዣው የሚጨምረውና የሚቀንሰው

አንድ ዓይነት ምላጭ በሁለት መያዣዎች ሁለት ጠባይ ይኖረዋል። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘበት ባለመከለያ መላጫ፣ ስሱን ምላጭ በሁለት ክዳኖች መካከል አቅፎ ጫፉን ብቻ ያወጣል። የሚወጣው ጫፍ ባነሰ ቁጥር መላጫው ገር ይሆናል፤ በበዛ ቁጥር ደግሞ ፀጉሩን ወደ ቆዳ አስጠግቶ ይቆርጣል፤ የመቁሰልም አደጋ ይጨምራል።

በፀጉር ቤቶቻችን የተለመደው ግን ሌላ ነው። ባለ ሁለት ስለቱ ምላጭ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ መከለያ በሌለው ረጅም መያዣ ውስጥ ይገባል። በዚህ ጊዜ ስለቱን የሚገድበው የባለሙያው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ ባለመከለያ መላጫ ገር የነበረው ምላጭ በፀጉር ቤት ሊያቆስል ይችላል፤ ለውጡ የመጣው ከምላጩ ሳይሆን ከመያዣው ነው።

ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስትና ከዚያም በላይ ስለት ያላቸው የፕላስቲክ መላጫዎች የተሠሩበት ሐሳብ የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ስቦ እንዲያወጣውና የኋለኛው አስጠግቶ እንዲቆርጠው ነው። ጥቅልል ፀጉር ላለው ሰው ይህ ከወለል በታች የመቁረጥን ዕድል ሊጨምር ይችላል። በየዕለቱ በአግባቡ ከተሠራባቸው እባጩን አያባብሱም የሚሉ ጥናቶችም ስላሉ ጉዳዩ የተዘጋ አይደለም። ይሁን እንጂ ቆዳው በተደጋጋሚ ለሚቆጣ ሰው አንድ ስለት ብቻ ቆዳውን በሚነካበት ባለመከለያ መላጫ መጀመር ይመረጣል።

የደጋው ውኃ፣ አየርና ፀሐይ

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተ ምሥራቋ ያለው ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ይህ ከፍታ በመላጨት ላይ ሦስት ውጤቶች አሉት።

የመጀመሪያው ብርድ ነው። ፀጉር ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ለመቁረጥም አነስተኛ ኃይል ይበቃዋል። በበጋው ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃ ፊቱን አርሶ ወዲያው የሚላጭ ሰው ደረቅና ጠንካራ ፀጉር ይቆርጣል፤ ምላጩም ቶሎ ይደነዝዛል። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ፎጣ ለሦስት ደቂቃ ያህል ፊት ላይ ማቆየት ምላጭ ከመቀየር የበለጠ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ደረቅ ነፋስ ነው። ከወረታ ሜዳ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ነፋስ መውጫ ሲወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በበጋ ወራትም ቆዳ ይደርቃል። ደረቅ ቆዳ በቀላሉ ስለሚፋቅ ከመላጨት በኋላ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወይም ቅባት ያስፈልገዋል። አልኮልና ሽቶ ያለባቸው ፈሳሾች ግን ማድረቁንና ማቃጠሉን ያብሳሉ።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጨረሩም እባጩ የሚተወውን ጥቁር ምልክት ያጠልቀዋል፤ ቶሎ እንዳይጠፋም ያደርጋል። ባርኔጣ ማድረግ እዚህ ላይ የምላጭ ምርጫን ያህል ይጠቅማል።

አዲስ ምላጭ የጤና ጉዳይም ነው

የቆዳ መቆጣት ውበትን ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ቀላል ነበር። ነገር ግን የተቆጣና የተፋቀ ቆዳ ክፍት በር ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ስለሚችል ለዐይን በማይታይ የደም ቅሪት ሊተላለፍ ይችላል። በገጠር ቤቶች ሕፃናትን ተራ በተራ በአንድ ምላጭ መላጨትም ቆረቆርን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ያሸጋግራል።

አንዳንድ ጊዜ ምላጭን በአልኮል መጥረግ ወይም በእሳት ለብለብ ማድረግ እንደ በቂ ጥንቃቄ ይቆጠራል። ሆኖም ደምና ሳሙና በላዩ ካለ አልኮል በሚገባ አይሠራም፤ እሳቱም የስለቱን ሽፋን ሊጎዳ ይችላል። መቀቀልም ቢሆን በደብረ ታቦር ከፍታ ውኃ በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ ከቆላው የበለጠ ጊዜ ይጠይቃል። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀለው በየሰዉ አዲስ ምላጭ መጠቀም ነው። እዚህ ላይ የጤናና የገርነት መስፈርቶች ይገናኛሉ፤ ለቆዳው የሚስማማው ያልደነዘ ምላጭና ከበሽታ የሚጠብቀው ያልተጋራ ምላጭ አንድ ናቸውና።

የአመራረጥ ቅደም ተከተል

ከላይ በተገለጸው መሠረት ቆዳው የሚቆጣ ሰው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢሄድ ይመከራል። በመጀመሪያ የቆመ እባጭ ካለ እስኪድን ከምላጭ ይታቀብ። በመቀጠል ስለቱን ብዙ የማያወጣ ባለመከለያ መላጫ ይያዝ። ምላጩን በተመለከተ ሽፋን ያለውን የማይዝግ ብረት ይምረጥ፤ አንዱን ዓይነት ለጥቂት ሳምንታት ሳይቀይር ይሞክር። ምላጩንም፣ ውኃውንም፣ አላላጩንም በአንድ ጊዜ የሚቀይር ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው ማወቅ አይችልም። ሲላጭ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ፣ ቆዳውን ሳይወጥር፣ መላጫውን ወደ 30 ዲግሪ አዘንብሎ፣ ሳይጫን አንድ ጊዜ ብቻ ይሂድ። መጎተት እንደ ተሰማው ምላጩን ይቀይር።

ያገለገለ ምላጭ በአመድና በፍግ ላይ መጣል የለበትም፤ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ልጆችንም ከብቶችንም ይጎዳል። ክዳን ባለው ጣሳ ማጠራቀም ይገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እባጩ ካልቀረ፣ ለዚያ ቆዳ ገር የሚባል ምላጭ የለም ማለት ነው። አማራጩ በቶንዶስ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ፀጉር አስቀርቶ መከርከም ወይም ጺምን ማሳደግ ነው። መግል የቋጠረ ወይም ጠባሳው የሚያብጥ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ስቴሮይድ ያለባቸውን ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ መቀባት ቆዳን ያሳሳል።

ማጠቃለያ

ገር ምላጭ ማለት ያልደነዘ፣ በመከለያ የተገደበ፣ ፀጉሩን ከቆዳው ወለል ላይ የሚቆርጥና የአንድ ሰው ብቻ የሆነ ምላጭ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ውድ ምላጭም ቆዳን ያስቆጣል፤ ሁሉም ሲሟሉ ርካሹም ሊስማማ ይችላል። በፀጉር ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንባቢ ሁለት ነገሮችን መጠየቅ ይበቃዋል፤ ምላጩ እፊቱ ከወረቀቱ እንዲወጣና ጺሙ ሙልጭ እንዳይደረግ። የመጀመሪያው ከበሽታ፣ ሁለተኛው ከእባጭ ይጠብቀዋል።