ዝውውር ሲመጣ ውሻው ወዴት ይሂድ?

በቡሬ ከተማ ጧት በማለዳ በሥጋ ቤቶች አጠገብ የሚያልፍ ሰው አምስት ስድስት ውሾች ተኮልኩለው አጥንት ሲጠብቁ ያያል። ከመካከላቸው አንዳንዱ በአንገቱ ላይ ያረጀ ማሠሪያ ይታይበታል። ይኸ ውሻ ቤት ነበረው ማለት ነው።

ውድ አንባቢ፤ ባለቤት የሌለው ውሻ ሲባል ከዱር የመጣ ፍጥረት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጎዳና የምናየው ውሻ ብዙውን ጊዜ ወይ ትናንት እርሱ ራሱ የሰው ነበረ፤ ወይ እናቱ የሰው ነበረች።

አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቡሬ ይመደባል እንበል። ቤት ይከራያል። ሌሊት የሌባ ሥጋት አለ፤ ከከተማው ዳር ጅብ ይጮኻል፤ ከሁሉም ይልቅ ብቸኝነቱ ይከብዳል። ስለዚህ ከጎረቤት አንድ ቡችላ ለምኖ ያሳድጋል። ሁለት ሦስት ዓመት እንደ ወዳጅ አብረው ይኖራሉ። ከዚያ በኋላ የዝውውር ደብዳቤ ይመጣል። አልጋውና ፍራሹ፣ ወንበሩና ቴሌቪዥኑ በመኪና ተጭነው ይሄዳሉ፤ ውሻው በር ላይ ይቀራል።

ይኸን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔም በወጣትነቴ በዚያው በምዕራብ ጎጃም ስሠራ ቦቢ የሚባል ውሻ ነበረኝ። ስዛወር ለአከራዬ «አደራ» ብዬ፣ ጥቂት ገንዘብም ሰጥቼ ሄድሁ። ከአምስት ወር በኋላ ለጉዳይ ብመለስ ቦቢ የለም። «ምን ላድርግ ልጄ፤ በሩን በሩን እያየ እህል አልበላም አለኝ፤ ኋላም ገበያ መዋል ጀመረ። መርዝ የተጣለ ለት እንደ ወጣ ቀረ» አሉኝ አከራዬ። እኔም ምንም አላልሁም። ቋንቋችን ደሙን የሚጠይቅለት የሌለውን ሙት «ደመ ከልብ ሆነ» ይለዋል፤ የቦቢን ደም ለመጠየቅ እኔ ከማንም ይልቅ መብት አልነበረኝም።

ስለ መርዙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአገራችን ከተሞች ውሾች ሲበዙ ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ በሥጋ ለውሶ በየመንገዱ መጣል የቆየ ልማድ ነው። ይኸ መርዝ ጡንቻን እያኮማተረ በሥቃይ የሚገድል ነው። ይሁን እንጂ ጭካኔውን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ዘዴው የታሰበውን ጥቅም አይሰጥም። አጥንቱና ቆሻሻው እንዳለ ስለሚቀር የሞቱትን ቦታ ሌሎች መጥተው ይይዙታል፤ አንዲት ሴት ውሻ ደግሞ በሁለት ወር እርግዝና ብዙ ቡችሎች ትወልዳለች። ከዚህም በቀር መርዙ የተከተበውንና ያልተከተበውን ለይቶ አያውቅም።

የባሊን ደሴት ታሪክ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በዚህች የኢንዶኔዥያ ደሴት የእብድ ውሻ በሽታ በ2008 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሲገባ መጀመሪያ የተወሰደው እርምጃ ውሾችን መግደል ነበር። በሽታው ግን በደሴቲቱ ሁሉ ተዛመተ። ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ውሾቹን በጅምላ መክተብ ሲጀመር በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ቀነሰ፤ ክትባቱ ሲላላ ደግሞ እንደገና ብቅ አለ። ከውሾቹ መካከል 70 ከመቶ ያህሉ ቢከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ እንደሚቆረጥ ሐኪሞች ይናገራሉ።

የሕዝቡ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል፤ ከመቶው 99 ያህሉም የሚያዘው ከውሻ ነው ይላል። የበሽታው ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሉዊ ፓስተር በ1885 ጆዜፍ ማይስተር የተባለውን በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ፣ በጊዜ ለደረሰ ሰው መድኅን አለ። በአዲስ አበባም በጉለሌ የሚገኘው ሠፈር እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚባለው በዚሁ ሊቅ ስም በተቋቋመው ኢንስቲትዩት ምክንያት ነው። ከበግ አንጎል እየተሠራ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ በሆድ ይወጋ የነበረውን መድኃኒት የቀመሱ ሰዎች ሥቃዩን አይረሱትም፤ አዲሱ ክትባት ግን በክንድ የሚሰጥ ጥቂት መርፌ ብቻ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ አለበት። ወደ ሥር ማሹ ባለ መድኃኒት ሲሄድ የሚባክነው ቀን ሕይወት የሚያስከፍል ነው።

በውጭ አገር የተጣሉ እንስሳት የሚጠለሉበት ቤት አለ። በለንደን ሜሪ ቲልቢ የተባለች ሴት በ1860 ያቋቋመችውና ኋላ ወደ ባተርሲ የተዛወረው ቤት ዛሬም ይሠራል። ይሁን እንጂ ባለጸጋው ዓለምም ችግሩን አልጨረሰም፤ በአሜሪካ በዓመት 6 ሚሊዮን ያህል ውሾችና ድመቶች ወደ መጠለያ እንደሚገቡ ይገመታል። ቤቶቹ ሲጨናነቁ ወሳጅ ያጣው ይገደላል። ስለዚህ ዋናው ነገር የመጠለያው ግንብ ሳይሆን ወሳጁ ሰው ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ባተርሲን የሚመስል ቤት የለም፤ ግቢ ያለው፣ ደመወዝም የሚቀበል ወጣት ግን አለ።

እንግዲህ ውሻ የሚፈልግ ሰው የፈረንጅ ዝርያ በብዙ ብር ከሚገዛ ከመንገድ ዳር አንድ ቡችላ ቢያነሣ ምን ይጎድልበታል? የአገራችን ውሻ ብርዱንም ጥራጥሬውንም የለመደ ነው፤ ለዘበኝነትም የሚያንስ አይደለም። ቡችላው ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ መለየት የለበትም። ሦስት ወር ሲሞላው ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዶ የእብድ ውሻ ክትባት ማስከተብ፣ በየዓመቱም ማሳደስ ይገባል። ሴት ከሆነች ማስመከን የሚቻልበት ቦታ ከተገኘ ማስመከን ነው፤ ካልተገኘ ኰርማ በፈለገች ሰሞን ግቢ መዝጋት። በቤት ውስጥ አትተኛም የሚል አከራይ ቢኖር ልማዳችን ነውና አያጣላም፤ ዝናብ የማያስገባ ጥግ ይበቃታል። ውሻ ርኩስ ነው ብሎ የሚሸሽ ጎረቤት ቢገኝም የአልዓዛርን ቁስል የላሱት እነማን እንደ ነበሩ በጨዋ ቃል ማስታወስ ይቻላል።

በጎንደርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የእንስሳት ሕክምና ለምትማሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በእንግሊዝ ወር ሴፕቴምበር 28 ነው፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ይውላል። ለበዓሉ ወደ አገሩ የገባ ተማሪ ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋግሮ የሠፈሩን ውሾች ለማስከተብ ከዚህ የተመቸ ጊዜ አያገኝም።

የዝውውሩ ነገር ይቀራል። ደብዳቤው በደረሰ ቀን የቤት ዕቃ ገዢ እንደሚፈለግ ሁሉ ለውሻውም ተቀባይ መፈለግ ነው። ተቀባዩ ከመነሻው ሳምንት አስቀድሞ እየመጣ በገዛ እጁ ያብላው፤ ባለቤቱ ራሱ ወደ አዲሱ ግቢ ይዞት ይሂድ፤ የክትባቱንም ወረቀት ከማሠሪያው ጋር ያስረክብ። እኔ ለአከራዬ የሰጠሁት ገንዘብ ብቻ ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ ውሻ ወድደው አያውቁም ነበር። ይኸንንም አስቀድሜ አውቄው ነበር።