ማህተም የሌለው ብር

ከአያት የወረደ የአንገት መስቀል፣ ድሪ ወይም አልቦ ከሳጥን ሲወጣ ብዙ ወራሾች መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጠው “925” የሚል የብር ጥራት ቁጥር ይፈልጋሉ። ቁጥሩ ሲታጣ “ኒኬል ነው” ይባልና በርካሽ ይሸጣል፤ አለዚያም ቀልጦ አዲስ ቀለበት ይሆናል። ፍርዱ ግን ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። እንደ አርብ ገበያ፣ ስማዳና እስቴ ባሉ የአገር ቤት አካባቢዎች ይሠራ የነበረ አንጥረኛ ብሩን የሚያስመረምርበትና ማህተም የሚያስመታበት መሥሪያ ቤት አልነበረውም። በነባር ያገር ቤት ጌጥ ላይ ማህተም መታጣቱ የሚጠበቅ ነው።

ማህተሙ የሌላ አገር ልማድ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1300 ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ባወጡት ሕግ የብር ዕቃ ከመሸጡ በፊት ተመርምሮ የነብር ራስ እንዲታተምበት ታዘዘ። በኋላ ዓመቱን የሚያመለክት ፊደል፣ ቀጥሎም የሚራመድ አንበሳ ተጨመረ።

በእኛ አገር የጥራቱ ዋስትና ጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ከትንሽ ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ገበያው አመነው፤ የወቄት ሚዛንም ከእሱ ክብደት ጋር ተስተካከለ። ጌጥ የፈለገ ሰው ጠገራውን ለአንጥረኛው ይሰጣል፤ አንጥረኛው ያቀልጠዋል ወይም ቀጥቅጦ ይሠራዋል። ስለዚህ ከጠገራ የተሠራ የቆየ ጌጥ 925 ባይሆንም እውነተኛ ብር ነው። አንጥረኛው መዳብ ከጨመረበት ደግሞ ጥራቱ ከ833ም ይወርዳል።

አንዳንዱ የአንገት መስቀል ጨርሶ አልቀለጠም፤ ጠገራው ራሱ ተቆርጦና ተሞርዶ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው መስቀል ጀርባው በብርሃን ፊት ዘንበል ተደርጎ ሲታይ የላቲን ፊደል ቁራጭ ወይም በጠገራው ላይ ያለው የንስር ክንፍ ላባ ብቅ ሊል ይችላል። ከዚህ የበለጠ ማህተም ከየት ይመጣል? ይህን አሻራ “ቆሻሻ ነው” ብሎ በአሸዋና በአመድ መፈግፈግ የጌጡን የልደት ወረቀት እንደ መቅደድ ነው።

ጠገራውን ሳይሠራበት ያስቀመጠ ቤተሰብ በዓመቱ እንዳይታለል። ከሞላ ጎደል በሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል። ያ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላንና ቬኒስ መትተውታል። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም አስመታ፤ በማግስቱ ዓመት ለንደን ጀመረች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ደግሞ ቦምቤይ ተከተለች። አያት “የጥንት” ብለው ያቆዩት ጠገራ ከጣሊያን ወረራ ጋር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ሐሰተኛውን ለመለየት ጠርዙ ይረዳል። በእውነተኛው ጠርዝ ዙሪያ “በፍትሕና በርኅራኄ” የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር ጎልቶ ይወጣል፤ ማንም ጠርዙን ሸርፎ ብር እንዳይሰርቅ የተደረገ ነው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ግን ብዙ ጊዜ ጠርዙ የደበዘዘ ወይም ልሙጥ ነው። ከጠገራው ጋር ተቀምጦ ሊገኝ የሚችለው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ደግሞ በፓሪስ የተመታ ሲሆን ለምሳሌ 1887 ወይም 1889 የሚል ዓመት በግእዝ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ጥራቱ 835 ነው።

በቤት ውስጥ የውጭ አገር ማንኪያ ወይም የሻይ ዕቃ ካለ ማህተም መፈለግ ተገቢ ነው። የሚራመድ አንበሳ የእንግሊዝን 925፣ መልሕቅ የበርሚንግሃምን ምርመራ ያመለክታል። በጣሊያን ዕቃ ላይ 800 መገኘቱ የተለመደ ነው። “አልፓካ” ወይም በላቲን ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ የሚሉት አራት ፊደላት ከታዩ ግን ዕቃው በኒኬል ቅይጥ የተሠራ ነው፤ አራቱ ፊደላት በብር መለበጡንም ይናገራሉ።

ማህተም ለሌለው ጌጥ ጉዳት የማያደርስ መፈተኛ ውኃ ነው። ጌጡ በስሱ የወርቅ ቤት ሚዛን ይመዘናል፤ ከዚያ በክር ተንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ እንደገና ይመዘናል። 28 ግራም የነበረው ውኃ ውስጥ 25.25 ገደማ ካሳየ የጎደለው 2.75 ነው፤ 28 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ገደማ ይሆናል፤ ይህም ለጠገራ ብር የሚስማማ ነው። የኒኬል ቅይጥ ከ9 በታች ይወርዳል። ውስጡ ክፍት ለሆነ ዶቃ ወይም ድንጋይ ለተሰካበት ጌጥ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ማግኔት የሚይዘው ዕቃ ብር አይደለም፤ ያልያዘው ሁሉ ግን ብር ነው ማለት አይደለም፤ መዳብንም አይዝምና።

በሚዛን ብቻ የሚገዛ ነጋዴ ለብሩ እንጂ ለአንጥረኛው እጅ አይከፍልም። ስለዚህ ከሽያጭ በፊት ጌጡን በሁለቱም ገጽ ፎቶ ማንሳት፣ ክብደቱን መጻፍ፣ ከማን ለማን እንደ ወረደ አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ይበጃል። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ለመላክ የሚያስብም ይጠንቀቅ፦ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ስለ ጌጡ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ያስፈልጋል።