ቲች፣ ተማረ፣ ይማርህ

ከቻናላችን አባላት አንዱ «ቲች የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከየት መጣ? የእኛው ማስተማርስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባጭሩ ልመልስ ብዬ ጀመርኩት፣ ረዘመብኝ። ታገሡኝ።

ቲች በጥንቱ እንግሊዝኛ «ታቻን» ነበር፤ ማሳየት፣ መጠቆም ማለት ነው። ምልክት የሚሉበት «ቶክን» የዚሁ ዘር ነው። «ለርን» ግን ከሌላ ሥር ይመጣል፤ የጥንት ሐሳቡ ዱካ መከተል ነው። አንዱ ይጠቁማል፣ ሌላው ዱካ ይከተላል። ሁለት ሰው፣ ሁለት ግስ።

የእኛ አንድ ግስ ነው። ግዕዙ «መሀረ» ይላል፣ አስተማረ ለማለት፤ መምህርም ትምህርትም ከዚሁ ወጡ። ዓረብኛው «ማሂር» ሲል የተካነ፣ በሥራው የበሰለ ማለቱ ነው፤ ዕብራይስጡም እንዲሁ። በግዕዝ ቀድሞ የሚመጣው አስተማሪው ነው፤ «ተምህረ» ከ«መሀረ» ይወለዳል። አማርኛ ይህን ገለበጠው። መነሻችን «ተማረ» ሆነና ከፊቱ «አስ» ጨምረን «አስተማረ» አልን፣ እንዲማር አደረገ እንደማለት። የኦሮምኛም መንገዱ ይኸው ነው፤ «በረቹ» መማር፣ «በርሲሱ» እንዲማር ማድረግ። እንግዲህ «እኔ አስተምሬያለሁ፣ እነሱ ናቸው ያልተማሩት» የሚል መምህር ሰዋስው ዳኛ ቢሆን የሚረታ አይመስለኝም።

ታዲያ ከ«ተማረ» ላይ «ተ» ሲወጣ የሚቀረው «ማረ» ብቻውን ለምን ማስተማር አልሆነም? ቦታው ተይዞ ስለነበር ነው። «ማረ» ይቅር አለ ነው፤ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው። «ተማረ» ብንል ደግሞ ፊደል ቆጠረም ይሆናል፣ ምሕረት አገኘም ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ «ትምህርትና ምሕረት አንድ ቃል ናቸው፣ መማር ይቅር መባል ነው» የሚል ጽሑፍ በየቴሌግራሙ ይዞራል። ያምራል፣ ግን አይደለም። ትምህርት የሚጻፈው በሃሌታው ሀ ነው፤ ምሕረት በሐመሩ ሐ። ኪዳነ ምሕረት የተጻፈበትን ማንኛውንም ሰሌዳ ተመልከቱ፣ ጻፊው ጠንቃቃ ከሆነ ሐመሩን ታገኛላችሁ። አማርኛ ተናጋሪ ሁለቱን ድምፅ ስላጠፋቸው ቃላቱ አፋችን ላይ ተጋጩ እንጂ ሥራቸው ለየብቻ ነው። የትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤት ካላችሁ ጠይቁት፤ መሃረ እና መሓረ እሱ ጆሮ ውስጥ ዛሬም አይምታቱም። «ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ» የምትሉ ሰዎች ይህቺን ልብ በሉልኝ።

ወደ እንግሊዝኛው ጠቋሚ ግስ ልመለስ። መጠቆም ለእኛም እንግዳ አይደለም። ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ያውቀዋል፤ ልጁ ስንጥር ይዞ፣ ከፊደል ገበታው ላይ አንድ በአንድ እየነካ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» ይላል። ችግሩ ዜማው ጣቱን ይቀድመዋል። ስንጥሩ «ለ» ላይ ሆኖ አፉ «መ»ን ያልፋል፣ የኔታ ካላዩት። የኔታዎች ታዲያ መላ አላቸው፦ አቡጊዳ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ተራውም ቤቱም ይዘበራረቃል፣ የሸመደደው ዜማ አያወጣውም፣ ፊደሉን በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። ከውጭ ያየ ሰው ይህንንም ሽምደዳ ይለዋል፤ እኔ ግን ሽምደዳን ለመስበር ከዚህ የተሻለ ቀላል ዘዴ አላየሁም። (የኔታ ራሱ «የእኔ ጌታ» ነው፤ እሱ ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ማስተማር በእርግጥ ማሳየት የሆነበት ቦታ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ አለ። መካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ፤ ትምህርቱ በእጅ ነው የሚሰጠው። የኢትዮጵያን የጣት ፊደል አይታችሁ ካላወቃችሁ አንድ ቀን እዩት። እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው። ከሀ ወደ ሁ፣ ከሁ ወደ ሂ ሲኬድ ቅርጹ እንዳለ ይቆይና የእጁ እንቅስቃሴ ብቻ ይለወጣል። ልክ ገበታው ላይ የ«ለ» ገላ ሳይነካ ቅጥሉ ብቻ ተለውጦ ሉ፣ ሊ፣ ላ እንደሚሆነው። የእንግሊዝኛውን የጣት ፊደል እንዳለ ቢወስዱት ኖሮ አናባቢው ለብቻው በጣት እየተጻፈ ቃሉ ይረዝም ነበር፤ የግዕዝን ፊደል አሠራር የገባው ሰው ነው ያዘጋጀው። የምልክት ቋንቋ የምታስተምሩ ወይም የተማራችሁ ካላችሁ፣ ሳብዑን በየት በኩል እንደምታንቀሳቅሱት ኮመንት ላይ ጻፉልን።