ከአዳማ እስከ ኢተያ፦ በሦስት ፊደል የተጻፈ ታሪክ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ አዋሽን በመልካሳ ተሻግሮ፣ ዴራን አልፎ ወደ ኢተያ ሲወጣ የስምጥ ሸለቆው ሙቀት ቀስ በቀስ ለአርሲ ደጋ ነፋስ ቦታውን ይለቃል። ዛሬ መንገዱን የሚያጣብቡት ስንዴ የጫኑ መኪኖችና ሚኒባሶች ናቸው። በ1950ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ግን ዴራና ኢተያ፣ እነዚህ ሁለት ትንንሽ ከተሞች፣ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የጸጥታ ሰዎች ዘንድ ስማቸው የተነሣው በሌላ ምክንያት ነበር። የመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር መሪዎች ከአዲስ አበባ ወርደው፣ ከአርሲ ገጠር የተሰበሰበውን እጅግ ብዙ ሕዝብ በአደባባይ ያነጋገሩት በዴራና በኢተያ ነው።

የኢተያው ስብሰባ የተካሄደው በግንቦት 1958 ዓ.ም ነበር። የማኅበሩ ዓላማ በወረቀት ላይ ሲነበብ ማንንም የሚያስደነግጥ አይመስልም፦ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ማሠራት፣ መንገድ ማውጣት፣ ለዚህም ከአባላት መዋጮ መሰብሰብ። ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነው። ከፍተኛ የጦርና የፖሊስ መኮንኖች፣ ጠበቆችና የአገር ሽማግሌዎች ከገበሬው ጋር አንድ ሜዳ ላይ ቆመው በአፋን ኦሮሞ ተናገሩ። በዚያ ዘመን ፍርድ ቤት የቀረበ የአርሲ ገበሬ አቤቱታውን የሚያሰማው በአስተርጓሚ ነበር፤ ልጁ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ቢያገኝ የሚማረው ቤቱ በማይሰማው ቋንቋ ነበር። መሬቱም የእሱ አልነበረም። በምኒልክ ዘመን አርሲ ከተያዘ በኋላ መሬቱ ለወታደርና ለሹም ሲከፋፈል ብዙው ባለርስት ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ላለ ሰው አንድ ጄኔራል በራሱ ቋንቋ ሲናገር መስማት ከትምህርት ቤት ግንባታ በላይ ነበር።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም በአዲስ አበባ ነው። መሥራቾቹ ሕጋዊ መንገድ መርጠዋል። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የመሰብሰብ መብትን በጽሑፍ አስፍሯል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ማኅበራት እንዴት እንደሚቋቋሙ ደንግጓል። ቀደም ሲል በየአካባቢው የነበሩ ትናንሽ መረዳጃዎች ተዋሕደው አንድ ሲሆኑ ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ጠበቃው ኃይለማርያም ገመዳ ደግሞ የማኅበሩን ሥራ ከሚመሩት አንዱ ነበሩ። ስሙ የመጫንና የቱለማን ኦሮሞ ቢጠራም በሩ ለሌላውም ክፍት ነበር። የአርሲ፣ የባሌና የሐረርጌ ሰዎች ገብተውበታል፤ ከደቡብ ሕዝቦችም አባላት ነበሩት። የአርሲው ሐጂ ሮባሌ ቱሬ ማኅበሩ ከሸዋ ውጭ ሥር እንዲሰድ ከረዱት ታዋቂ ሰዎች መካከል ናቸው።

ከሁሉም በላይ የሚታወሱት ግን ዘግይተው የገቡት ናቸው። ጄኔራል ታደሰ ብሩ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ትምህርት ለመቅሰም አዲስ አበባ ሲመጡ የተቀበላቸው የኮልፌው ጦር ሰፈር በእሳቸው ሥር ነበር፤ ማንዴላም በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ኮሎኔል ታደሰን በስም ጠቅሰዋል። ታደሰ መሃይምነትን ለማጥፋት የተቋቋመው የፊደል ሠራዊት ሊቀ መንበርም ነበሩ። ሥራው ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት እንግዳ አልነበረም፤ ማንበብና መጻፍ ለሁሉም ይድረስ የሚል፣ በአማርኛ የሚሰጥ ዘመቻ ነው።

በማኅበሩ ታሪክ ተደጋግሞ የሚተረከው ሁነት የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ታደሰን ኦሮሞ መሆናቸውን ሳያውቁ፣ ኦሮሞን በማስተማር ረገድ መቸኮል እንደማያስፈልግ እንደመከሯቸው ይነገራል። ትረካው በትክክል በምን ቃላት እንደተነገረ ማን ይመስክር? ውጤቱ ግን አያከራክርም፤ የመንግሥቱ ታማኝ መኮንን የነበሩት ሰው ወደ ማኅበሩ ገቡ፤ ከገቡም በኋላ የስብሰባዎቹ ዋና ተናጋሪ ሆኑ።

ታደሰ ኦሮሞን ማንበብና መጻፍ የማስተማርን ጥያቄ ሲያነሡ ግን የመጀመሪያው አልነበሩም። ከእሳቸው ሰባ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ከአዳማ እጅግ በራቀ ስፍራ፣ በምፅዋ አጠገብ ባለችው እምኩሉ፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ሁለት ኦሮሞዎች ይህንኑ ሥራ ጀምረውት ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ተወልደው በልጅነታቸው ተሸጡ፤ ምፅዋ ላይ ነፃ ወጥተው በስዊድን ሚሲዮን ተማሩ። አስቴር ገኖ ደግሞ ከሊሙ ተወስደው በመርከብ ወደ ዐረብ ምድር ሲጓዙ የጣሊያን መርከቦች እ.ኤ.አ. በ1886 አስጥለዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1894 ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ። አስቴር ከልጅነታቸው ትዝታ 500 ያህል ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ጽፈው ነበርና ብዙው የመጽሐፉ ይዘት የእሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የመጽሐፍ ቅዱስ ሙሉ ትርጉም ወጣ።

እነዚህ መጻሕፍት የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የኦሮምኛ ጽሑፍ ታሪክ ዛሬ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የላቲን ፊደል ከተመረጠበት ከ1984 ዓ.ም የሚጀምር ያስመስላልና። ኦነሲሞስ ወደ ወለጋ ተመልሰው ነቀምት ላይ ሲያስተምሩ ከካህናትና ከሹማምንት ተቃውሞ ገጥሟቸዋል፤ ለዓመታትም ከመስበክ ተከልክለው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1931 እዚያው ነቀምት አርፈዋል። በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ በሐረርጌ፣ ሼክ በክሪ ሳጳሎ የተባሉ የሃይማኖት ሊቅና ገጣሚ በ1948 ዓ.ም አካባቢ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ዐረብኛውም ግዕዙም የኦሮምኛን ድምፆች በደንብ አይዝም ብለው ከባዶ አዲስ ፊደል ፈጠሩ። ፊደሉ በአካባቢው መሰራጨት ሲጀምር ባለሥልጣናት አገዱት፤ እሳቸውንም ድሬዳዋ ላይ በቁም እስር አስቀመጧቸው። ሼክ በክሪ የሞቱት በ1972 ዓ.ም ሶማሊያ ውስጥ፣ በስደተኞች መጠለያ ነው።

እንግዲህ የኢተያው ሜዳ ላይ የቆሙት ሰዎች ከኋላቸው ይህ ሁሉ ነበር፤ ብዙዎቹ አድማጮች ግን የኦነሲሞስን መጽሐፍ አይተው አያውቁም፤ የሼክ በክሪን ፊደልም አልሰሙም። የስብሰባው ኃይል በድምፅ እንጂ በጽሑፍ አልነበረም።

መንግሥቱ ብዙ አልታገሠም። በ1959 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ውስጥ ቦምብ ሲፈነዳ ክሱ በማኅበሩ መሪዎች ላይ ተነጣጠረ። መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በሞት እንዲቀጡ ተፈርዶባቸው ተሰቀሉ። ኃይለማርያም ገመዳ በእስር ላይ ሳሉ ከደረሰባቸው ድብደባ የተነሣ ሞቱ። በታደሰ ብሩ ላይ የተላለፈው የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦ ሐረርጌ ውስጥ ወደ ገለምሶ ተጋዙ። ማኅበሩም በዚያው ዓመት ታገደ። ኦላና ዞጋ በ1985 ዓ.ም ስለ ማኅበሩ ያሳተሙት መጽሐፍ «ግዝትና ግዞት» የሚል ርእስ የያዘውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ማኅበሩ በተዘጋ ማግሥት፣ በ1960 ዓ.ም፣ የስዊድን መንግሥት የሚረዳው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ትራክተር መጣ፤ ምርትም አደገ። ነገር ግን መሬቱ ትርፍ ማስገኘት ሲጀምር አንዳንድ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አስነሥተው ራሳቸው በትራክተር ማረስን መረጡ። የኢተያ ገበሬ የመሬት ጥያቄ በሌላ በር ተመልሶ መጣ። በቆላው በኩልም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር፤ የሆላንዱ ኩባንያ ከወንጂ ቀጥሎ በመተሐራ የስኳር አገዳ ሲያስፋፋ የከረዩ አርብቶ አደሮች ከአዋሽ ዳር ግጦሻቸው ተገፉ። የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር በአርሲ ማብራሪያ ያላስፈለገው ለዚህ ነው።

አብዮቱ ታደሰ ብሩን ከግዞት አወጣቸው፤ ዕድሜያቸውን ግን አላረዘመላቸውም። ከደርግ ጋር ተጣልተው ወደ ጫካ ገቡ፤ ተይዘውም ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ጋር በመጋቢት 1967 ዓ.ም ተረሸኑ። መሬት የሕዝብ መሆኑ የታወጀው ከዚያ በጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት መጨረሻ ነበር። ለትምህርትና ለመሬት ጥያቄ የታሰሩት ሰው፣ ጭሰኝነትን በአዋጅ በሻረው መንግሥት ጥይት ሞቱ። የዚያ ትውልድ ሌሎች መሪዎችም ከዚህ የተሻለ ዕጣ አልገጠማቸውም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም ታፍነው ተገደሉ። የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) መሪ ኃይሌ ፊዳ ደግሞ በአውሮፓ ተማሪ ሳሉ የኦሮምኛን ሰዋስው በላቲን ፊደል የጻፉ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም በደርግ እስር ቤት ውስጥ ጠፉ።

የኦሮምኛ ጽሑፍ ግን ቀጠለ። አብዮቱ በፈጠረው ክፍተት በማህዲ ሐሚድ ሙዴ አዘጋጅነት የወጣችው «በሪሳ» ጋዜጣ አፋን ኦሮሞን በግዕዝ ፊደል ይዛ በየሳምንቱ ለአንባቢ ደረሰች። ደርግ ሲወድቅ፣ በጥቅምት 1984 ዓ.ም፣ በአዲስ አበባ በፓርላማው አዳራሽ የተሰበሰቡ ምሁራን የላቲኑን ፊደል፣ ቁቤን፣ መረጡ። በሪሳም ተከትላ ፊደል ቀየረች። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ የግዕዝ ፊደል የጠበቀና የላላ ድምፅን፣ የአናባቢን ርዝመትና እጥረት ለይቶ አያሳይም የሚለው ሰዋስዋዊ ምክንያት ነበረ፤ ከግዕዙ ጋር የተያያዘው የታሪክ ቁስልም ነበረ። በዚያ ውሳኔ የመጀመሪያዎቹ ልጆች በቁቤ ትምህርት ጀመሩ፤ ዛሬ እነሱ ራሳቸው የልጆች ወላጆች ናቸው።

ወደ አዳማ እንመለስ። በ1992 ዓ.ም የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ሲወሰን፣ ከሁሉ በላይ የተቃወመው ዳግም የተቋቋመው የመጫና ቱለማ ማኅበር ነበር። በ1996 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዝውውሩን ተቃውመው ሰልፍ ወጡ፤ ብዙዎች ታሰሩ፣ ከትምህርት ገበታም ተባረሩ። በግንቦት የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ድሪቢ ደምሴና ሌሎች አመራሮች ታሰሩ፤ ማኅበሩም ፈቃዱን ተነጠቀ። ከመጀመሪያው እገዳ ሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በሌላ መንግሥትና በሌላ ሕገ መንግሥት ሥር፣ ያው ማኅበር ያው ዕጣ ደረሰበት። በ1997 ዓ.ም፣ ከምርጫው በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተወሰነ።

አዳማ ግን ከዚያ ዘመን ባዶ እጇን አልቀረችም። የክልሉ ምክር ቤት የጨፌ ኦሮሚያ ጉባኤዎች የሚካሄዱት፣ የአባ ገዳ አዳራሽና የኦሮሞ ሰማዕታት ሐውልት የቆሙት በዚህችው ከተማ ነው። የአፋን ኦሮሞ ዘመናዊ ዘፈን አባት የሚባለው ዓሊ ቢራም የመጨረሻ ቀናቱን በሕክምና ያሳለፈውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም ያረፈው አዳማ ውስጥ ነበር። ዓሊ በልጅነቱ በድሬዳዋ የአፍራን ቀሎ ቡድንን ሲቀላቀል፣ ዘፈን ጽሑፍ ያልደረሰበት ሁሉ ይደርስ ነበር፤ ማንበብ የማይችለውም በቃሉ ይይዘዋልና።

አዳማ የባቡር ከተማ ናት፤ ያደገችው ከየአቅጣጫው በመጣ ሕዝብ ነው። በገበያዋ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየተቀባበሉ ይሰማሉ፤ ልጆቿም ከሁለቱ በአንዱ ይማራሉ። ይህ ሁኔታ የእነዚህን መሪዎች ውርስ በተመለከተ አንድ የተለየ ችግር ያሳያል። የአስቴርና የኦነሲሞስ መጽሐፍ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሪሳም፣ የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። በቁቤ ብቻ የተማረ የአዳማ ወጣት ቋንቋው ገብቶት ፊደሉ ይከለክለዋል፤ በአማርኛ የተማረው ጎረቤቱ ፊደሉን እያነበበ ቋንቋው አይገባውም። የታደሰ ብሩና የጓዶቻቸው ታሪክ ደግሞ በሰፊው የተጻፈው በአማርኛ ነው። የሼክ በክሪን ፊደል ማንበብ የሚችሉት ከጥቂት ተመራማሪዎች አያልፉም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በየካቲት 2012 ዓ.ም ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞን ከትግርኛ፣ ከሶማልኛና ከአፋርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆን ያቅዳል። ፖሊሲው የሚነካው መሥሪያ ቤቶችን ነው፤ የአንባቢውን ችግር ግን ብቻውን አይፈታም። የ1894ቱ ማንበቢያ በሁለቱም ፊደል ጎን ለጎን ቢታተም፣ የማኅበሩ ታሪክ በሁለቱም ቋንቋ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሚመጥን ቢጻፍ፣ የኢተያና የዴራ ሽማግሌዎች ከወላጆቻቸው የሰሙት በድምፅ ቢቀረጽ፣ ይህን ሥራ ለመጀመር ከአዳማ የተሻለ ቦታ የለም። ሁለቱንም ፊደል የሚያነቡ መምህራን አሏት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት፤ ኢተያም የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናት።