ሳሎንና ጓዳ፦ ፕሮግራሞች ፋይላችንን የት ያኖሩታል?

ባለፈው ዓመት ኮምፒውተር ስቀይር «ዶክመንትስ»ንና ዴስክቶፑን ወደ ዩኤስቢ ገልብጬ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አጸዳሁት። ለሴሚናሪዮን በዞቴሮ የሰበሰብኳቸው ጽሑፎች ግን አብረው አልመጡም። የሁለት ወር ሥራ በአንድ ከሰዓት ጠፋ።

ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በስሙ የተከፈተ ፎልደር አለው። ቤት እንበለው። ፕሮግራሞች ምርጫችንንና መረጃችንን የሚያስቀምጡት እዚህ ቤት ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ሳሎን፣ አንዳንዱ ጓዳ።

የጓዳው ልማድ የመጣው ከዩኒክስ ነው። እዚያ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ዝርዝር ላይ አይታይም። በቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ሮብ ፓይክ እንዳስረዳው፣ ነገሩ ታስቦበት የተሠራ አልነበረም። «ይህ ፎልደር» እና «ከበላዩ ያለው» የሚሉት ነጠላና ድርብ ነጥቦች ዝርዝሩን እንዳያጨናንቁ ሲባል በነጥብ የሚጀምር ሁሉ እንዲዘለል ተደረገ። ፕሮግራም ሠሪዎችም ቀዳዳውን አይተው ፋይላቸውን እዚያ ይሸጉጡ ጀመር። ዊንዶውስ ላይ የሚደብቀው ነጥብ ሳይሆን በፎልደሩ ላይ የሚደረግ ምልክት ነው፤ «አፕዳታ» እንዲህ ተደብቋል። ማክም ከ2011 ጀምሮ የተጠቃሚውን «ላይብረሪ» ደብቆታል።

መደበቁ ይጠቅማል፤ የማናውቀውን ፋይል በስህተት እንዳናጠፋ ይከላከላል። ጉዳቱ ደግሞ ያላየነውን አለመገልበጣችን ነው። ዞቴሮ ከ2017 ወዲህ ስብስቡን በስሙ በተጠራ፣ በሚታይ ፎልደር ውስጥ ያኖራል። ስለዚህ የእኔው ሳሎን ተቀምጦ ነበር፤ ከ«ዶክመንትስ» ውጭ ስለሆነ ግን ዞር ብዬ አላየሁትም።

ሌላው ከዚህ ይከብዳል። የተደበቀ ማለት የተቆለፈ ማለት አይደለም። በተግባር ልምምድ ላይ ያለን ተማሪዎች ስለ ባለጉዳይ ስንጽፍ፣ ዎርድ በየጊዜው የማዳኛ ቅጂ «አፕዳታ» ውስጥ ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩ ድንገት ከጠፋ ቅጂው እዚያው ሊቀር ይችላል። ዋናውን ፋይል በዩኤስቢ ብንይዘውም፣ በዚያው መግቢያ የሚጠቀም ታናሽ ወንድም ሊከፍተው ይችላል። ቤተሰብ የሚጋራው ኮምፒውተር ከሆነ የራሳችሁን መግቢያ በይለፍ ቃል ክፈቱ፤ የባለጉዳይን ስም ደግሞ ከነጭራሹ አትጻፉ።

ጓዳውን ለማየት በዊንዶውስ 11 ፎልደር ክፈቱና «ቪው»፣ በዕብራይስጡ «ቴጹጋ» የሚለውን ተጫኑ፤ ከዚያ «ሾው»፣ ቀጥሎ «ሂድን አይተምስ»። በማክ ኮማንድ፣ ሺፍትና ነጥብ አንድ ላይ ይጫናሉ።

ኮምፒውተር ከመቀየራችሁ በፊት የምትሠሩባቸውን ፕሮግራሞች በወረቀት ዘርዝሩ፤ እያንዳንዱ ፋይሉን የት እንደሚያኖር አረጋግጡ። ዞቴሮ ራሱ በሴቲንግስ ውስጥ «አድቫንስድ» ሥር ቦታውን ያሳያችኋል። አሮጌውን ማጽዳት የሚመጣው አዲሱ ላይ ሁሉም ነገር ሲከፈት በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ነው።